«ቼክ» የሚባለው ቃል አባቱ ማነው? ከሰንጠረዥ እስከ ደረቅ ቼክ

ተርጓሚው

ሰላም የቤቱ ሰዎች። የአንድ ሆቴል ሠራተኞች ማሠልጠኛ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ቼክ» የምትባል ቃል ባትኖር ሥራው ቀላል ነበር። እንግዳው ሲገባ ቼክ ኢን፣ ሲወጣ ቼክ አውት። ክፍሉ መጽዳቱን ቼክ ማድረግ። ቅጹ ላይ ቼክ ማርክ። ምግብ ቤቱ ጋ ደግሞ የሂሳብ ወረቀቱ ራሱ ቼክ ነው። ካፖርት የሚቀመጥበት ኮት ቼክ። የአስተናጋጆቹ ሽርጥ ቼክ። መጨረሻ ላይ «ክፍያ በቼክ አንቀበልም» ይላል።

አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል? በአጋጣሚ ድምፃቸው የገጠመ የተለያዩ ቃላት ናቸው ወይስ ዘመዳሞች? ዘመዳሞች ከሆኑ አባታቸው ማነው? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ። ቸኩዬ አይደለም።

ቆርኪ

አባታቸው ንጉሥ ነው። ቀልድ አይደለም። መምህር ይምጡና ያብራሩት።

መምህር ዘጉለሌ

ቆርኪ በአጭሩ ጨርሶታል። እኔ ላስረዝመው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጨዋታ ነው። ሕንድ ውስጥ ቻቱራንጋ የሚባል፣ የዛሬው ቼስ አያት የሆነ ጨዋታ ነበር። «አራት ክፍል ያለው» ማለት ነው። ክፍሎቹ የጦሩ ናቸው፤ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ፋርስ ገባና ቻትራንግ ተባለ። አረቦች በ7ኛው ክፍለ ዘመን ፋርስን ሲይዙ ጨዋታውንም ተማሩ። «ቸ» እና «ገ» የሚሉ ድምፆች ስለሌሏቸው ሻትራንጅ አሉት። ሰንጠረዥ የምንለው የኛው የድሮ ጨዋታም የዚያው ቤተሰብ ነው።

ፋርሶች የባላጋራቸውን ንጉሥ ሲያስፈራሩ «ሻህ!» ይሉ ነበር። ሻህ ንጉሥ ነው። «ንጉሥህን ጠብቅ» እንደማለት። ጨዋታው በስፔንና በሲሲሊ በኩል አውሮፓ ሲገባ ጩኸቷም አብራ ገባች። በላቲን ስካኩስ ተባለች። ፈረንሳዮች ኤሼክ አሏት። እንግሊዞች በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይኛው ሲቀበሏት የፊተኛዋን ድምፅ ጥለው ቼክ አደረጓት። የፈረንሳይኛው ብዙ ቁጥር ኤሼስ ነበር፤ እሱ ደግሞ ቼስ ሆነ። ቼክና ቼስ አንድ ቃል ናቸው ማለት ነው። አንዱ ነጠላ፣ ሌላው ብዙ። «ቼስ እንጫወት» የሚል ልጅ ሳያውቀው «ንጉሦች እንጫወት» እያለ ነው።

አሁን ትርጉሙ እንዴት እንደረባ እንይ። ሰንጠረዥ ላይ ቼክ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ያሰበውን ሁሉ ይተዋል። ሊያጠቃ የነበረውን ትቶ ንጉሡን ማዳን አለበት። ስለዚህ ቼክ «ድንገት መገታት» የሚል ትርጉም አገኘ። በጦር ሜዳ የቆመ ሠራዊት ቼክ ተደረገ ተባለ። ከመግታት ወደ መቆጣጠር አንድ እርምጃ ነው። ከመቆጣጠር ወደ ማጣራት ሌላ እርምጃ። ሰውን የምትቆጣጠረው የሚለውን ካለው ጋር እያስተያየህ ነውና። አሁን በየቀኑ «ቼክ ላድርግ» የምንለው የዚህ የመጨረሻው ልጅ ነው። ከወንድሞቹ ሁሉ ታናሽ ሆኖ ቤቱን የወረሰ እሱ ነው።

ሊሴ ምሩቅ

መምህር፣ አንድ ነገር ልጨምር። ፈረንሳይኛ ላይ ኤሼክ ዛሬም አለ። ግን ትርጉሙ «ውድቀት» ነው። ፈተና የወደቀ፣ ንግዱ የከሰረ ሁሉ ኤሼክ ደረሰበት ይባላል። ብዙ ቁጥሩ ግን ጨዋታው ራሱ ነው። እንግሊዞች ከዚያችው ጩኸት ቁጥጥርን ወሰዱ፣ ፈረንሳዮች ሽንፈትን። የሕዝብ ጠባይ ነው ብዬ አልደመድምም፣ ግን ያስቃል።

ባንከኛው

እስካሁን ገባኝ። ገንዘቡስ? እኔ ሠላሳ ደንበኛ በመስኮት ፊት አሰልፌ ቼክ የምመረምር ሰው ነኝ። ወረቀቱ ከንጉሥ ጋር ምን አገናኘው?

አቡ ፈይሰል ዱባይ

ባንከኛው፣ የገንዘቡ ቼክ ከሰንጠረዥ አልመጣም። ከአረብኛ ነው የመጣው። ሰክ ይባላል። ነጋዴዎች ወርቅ ተሸክመው በረሃ ማቋረጥ ስለማይፈልጉ ሰክ የሚባል የክፍያ ወረቀት ይጻጻፉ ነበር። ሳዑዲ ውስጥ ዛሬም የቤትና የመሬት ካርታ ሰክ ነው የሚባለው። ሰክ፣ ቼክ። ጆሮ ላለው ሰው ግልጽ ነው። አውሮፓውያን ስኳርና አልጀብራን ወስደው ይህን ሳይወስዱ ቀሩ?

መምህር ዘጉለሌ

አቡ ፈይሰል፣ ሰክ የተባለው ወረቀት መኖሩ የታወቀ ነው፤ እንዲያውም ትልቅ ታሪክ አለው። ኢብን ሀውቀል የተባለው የ10ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዥ ከሰሐራ ደቡብ ጫፍ፣ አውዳጎስት ከተማ፣ የ42,000 ዲናር ሰክ እንዳየ ጽፏል። ባለዕዳው ነጋዴ የሲጂልማሳ ሰው ነበር። ሲጂልማሳ የዛሬዋ ሞሮኮ ውስጥ ናት። በዚያ ዘመን 42,000 ዲናር በወረቀት!

ቃሉ ላይ ግን አልስማማም። የእንግሊዙ ቼክ በገንዘብ ነገር መጀመሪያ ሲታይ የመክፈያ ትእዛዙ ስም አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቼክ የሚባለው ጉርዱ ነው። ወረቀቱ ሲቆረጥ ባንክ ቤት የሚቀረው። ሰውየው ሌላኛውን ግማሽ ይዞ ሲመጣ ከጉርዱ ጋር ይነጻጸራል፣ ማጭበርበር ካለ ይያዛል። ማጣሪያ ስለሆነ ቼክ ተባለ። ቆይቶ ስሙ ከጉርዱ ወደ ዋናው ወረቀት ተሻገረ። ከሰክ ቢመጣ ኖሮ ተቃራኒውን ነበር የምናየው። ከ10ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜም ሁለቱን ቃላት የሚያገናኝ ድልድይ የለም።

አቡ ፈይሰል ዱባይ

መምህር አከብርዎታለሁ፣ ግን ድልድይ አልተገኘም ማለት ወንዙን ማንም አልተሻገረም ማለት አይደለም። የጄኖዋና የቬኒስ ነጋዴዎች እስክንድርያ ምን ይሠሩ ነበር? ሐሳቡ የኛ ሰፈር ነው፣ እዚያ ላይ አልለቅም።

መምህር ዘጉለሌ

ሐሳቡን እሰጥሃለሁ። ቃሉን አልሰጥህም። ዛሬ ዱባይ ባንክ ስትገባ ሺክ ነው የሚሉህ አይደል? ያ ከአውሮፓ ተመልሶ የገባ ነው። ሰክ ሕያው ሆኖ ሳለ ሌላ ቃል ተዋሱ።

ባንከኛው

እንግሊዞቹ በሌላ ፊደል የሚጽፉትስ? የአሜሪካው አጭር ነው፤ የለንደኑ መጨረሻው ላይ «ኪው» ገብቶበት ይንዛዛል። የደንበኛ ቼክ ስመረምር ሁለቱንም አያለሁ።

መምህር ዘጉለሌ

እዚህ ጋ ነው ወሬው የሚጣፍጠው። ቡናችሁን ያዙ።

እንግሊዝ አገር ኤክስቼከር የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር። የንጉሡ ግምጃ ቤት ማለት ነው። በንጉሥ ሄንሪ ቀዳማዊ ዘመን የተደራጀ ነው፤ እሱ ከ1100 እስከ 1135 የነገሠ ነው። ስሙ በቀጥታ «የሰንጠረዥ ገበታ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ለምን? ክፍሉ መሐል 10 ጫማ ርዝመት፣ 5 ጫማ ስፋት ያለው ጠረጴዛ ነበር። ላዩ ላይ በመስመር የተከፋፈለ ጥቁር ጨርቅ ይነጠፋል። ሸሪፍ የሚባሉት የአውራጃ ሹሞች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፋሲካና በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ የሰበሰቡትን ግብር ይዘው ይቀርባሉ። ሂሳቡ በወረቀት አይሠራም። ጨርቁ ላይ ጠጠር እየተደረደረ ነው የሚሠራው። አንዱ ዓምድ የፔኒ ነው፣ ቀጣዩ የሽልንግ፣ ቀጥሎ የፓውንድ፣ ከዚያ የሃያዎች፣ የመቶዎች፣ የሺዎች።

በቁጥር ጽፈው ለምን አልደመሩም የሚል ካለ፣ የሮማውያን ቁጥር ለመደመር አይመችም። ዜሮ የለውም፣ የቦታ ዋጋም የለውም። የግእዙን ቁጥር የምታውቁ ሞክሩት፤ ፻፳፫ን ከ፵፱ ጋር በጽሑፍ ደምሩ። ቶሎ ጠጠር ያምራችኋል።

በ1170ዎቹ መጨረሻ ገደማ የግምጃ ቤቱ ሹም ሪቻርድ ፊትዝኒል የመሥሪያ ቤቱን አሠራር በጥያቄና መልስ ጽፎታል። ስሙ ለምን ሰንጠረዥ ሆነ ለሚለው ሁለት ምክንያት ይሰጣል። አንዱ የገበታው መልክ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ደስ ይለኛል። ሰንጠረዥ ላይ ሁለት ንጉሦች እንደሚፋለሙ፣ እዚህም ግምጃ ቤት ኃላፊውና ሸሪፉ ይፋለማሉ ይላል። ሌሎቹ ዳኛ ሆነው ዙሪያውን ይቀመጣሉ። ግብር ከፋይ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

እና ባንከኛው፣ የለንደኑ ረጅም አጻጻፍ ከዚህ ከኤክስቼከር የተቀዳ ነው። የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ማዕረግ እስከ ዛሬ በኤክስቼከር ነው የሚጠራው። ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ ከ1921 ጀምሮ የሚያርፉበት የገጠር ቤት ቼከርስ ይባላል። እሱም ስሙን ያገኘው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኤክስቼከር አሽከር ከነበረ ባለርስት ሳይሆን አይቀርም።

ጠበቃዋ

መምህር፣ ግምጃ ቤት ሲሉ አንድ ነገር መጣብኝ። ግምጃ እኮ ጨርቅ ነው! ነገሥታቱ የሚሸልሙት፣ ለካባ የሚሆነው የክብር ጨርቅ። የኛም ግምጃ ቤት፣ የእነሱም ኤክስቼከር ስማቸው በጨርቅ ሆነ ማለት ነው።

መምህር ዘጉለሌ

ጎሽ! መንገዳቸው ግን የተለያየ ነው። የኛው ጨርቁ የተከማቸበት ቤት ነው። የእነሱ ጨርቁ የተነጠፈበት። በእኛ ጨርቁ ራሱ ሀብት ነበር።

ቆርኪ

ጉርድ ያሉትን ልመለስበት። ኤክስቼከር ደረሰኝ የሚሰጠው በእንጨት ነበር፤ ማንም አልነገራችሁም። እንጨቱ ላይ ቁርጥ ይደረግበታል። 1,000 ፓውንድ ከሆነ የመዳፍ ውፍረት ያለው ቁርጥ። 100 ፓውንድ አውራ ጣት ያህል። 20 ፓውንድ ትንሿ ጣት ያህል። 1 ፓውንድ የገብስ ፍሬ ያህል። ከዚያ እንጨቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። አንዱ ግማሽ ለከፋይ፣ ሌላው ለመንግሥት። ሲገናኙ ቁርጦቹ ካልገጠሙ አንዱ ሌባ ነው። ጉርድ ማለት ይኸው ነው፣ ወረቀት ከመምጣቱ በፊት።

ይህን አሠራር እስከ 1826 ሲጠቀሙበት ኖሩ። ከዚያ እንጨቱ ተከመረ። ጥቅምት 16 ቀን 1834 እንደ ፈረንጆቹ፣ ከላይኛው ምክር ቤት ሥር ባለው ምድጃ ውስጥ ይቃጠል ተባለ። አቃጠሉት። እሳቱ ወጥቶ የፓርላማውን ሕንፃ በላው። አሁን ፎቶ የምትነሡበት የለንደን ፓርላማ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የድሮ ደረሰኝ ማስወገድ እንዲህ ነው እንግዲህ።

ባንከኛው

ለሒሳብ ክፍላችን ይህን አትሜ እለጥፋለሁ።

ሳሮን ዲሲ

ሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤት የምሠራ ሰው ስለሆንኩ ይህ ክር ለእኔ ነው። እንግዳው እጁን አንሥቶ «ቼክ ፕሊስ» ይላል። ሂሳብ ማለቱ ነው። ማናጀሩ «ቴብል ሰባትን ቼክ አድርጊ» ይላል። ሄደሽ እያቸው ማለቱ ነው። ዓርብ ሲሆን «ቼክሽን ውሰጂ» ይላል። ደመወዝ ማለቱ ነው። አገር ቤት ስደውል «ቼክ ገባ ወይ?» የሚለኝ ወንድሜ የኋለኛዋን ብቻ ነው የሚያውቃት።

ከለንደን የመጡ እንግዶች ግን ቼክ አይሉም፤ «ቢል» ነው የሚሉት። እዚህ ደግሞ ቢል ማለት የብር ኖትም ነው። አንድ ባልደረባዬ ምን ይላል መሰላችሁ፤ አሜሪካዊ ቼኩን በቢል ይከፍላል፣ እንግሊዛዊ ቢሉን በቼክ ይከፍላል። እስኪገባኝ ቆየ።

የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አንዷን የሥራ ባልደረባዬን ቤቴ ቡና ጋበዝኳት። «ሬይን ቼክ እወስዳለሁ» አለችኝ። ዝናቡ የት አለ? ፀሐይ ነው።

መምህር ዘጉለሌ

ሳሮን፣ «ዛሬ አልችልም፣ ግብዣሽን ለሌላ ቀን አቆይልኝ» ማለቷ ነው። የመጣው ከቤዝቦል ነው። በ1880ዎቹ ጨዋታ በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ ገንዘቡ እንዳይበላበት የቲኬቱ ጉርድ ለሌላ ቀን መግቢያ ይሆንለት ጀመር። ያ ጉርድ ሬይን ቼክ ተባለ።

ልብ በሉ፣ እዚህም ቼክ ማለት ቁራጭ ወረቀት ነው። ካፖርትሽን አስረክበሽ የምትቀበዪው ቁጥር ያለው ቁራጭም ቼክ ነው፤ ኮት ቼክ የተባለው በሱ ነው። የምግብ ቤቱ ሂሳብም አሜሪካ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቼክ የተባለው ተጽፎ የሚሰጥ ቁራጭ ስለሆነ ነው። እንጨቱ፣ የባንኩ ጉርድ፣ የቤዝቦሉ ቲኬት፣ ሁሉም አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። እጅህ ላይ ያለው እዚያ ካለው ጋር ይግጠም አይግጠም ይታይባቸዋል።

ሐይፋ

ሻሎም ከሐይፋ። እኛ ጋ ቼስ ራሱ ሻሕማት ነው የሚባለው። ልጆቼ ሻሕማት ክፍል ይማራሉ። «ሻህ ማት»፣ ንጉሡ ሞተ። ዕብራይስጡም አረብኛውም አማርኛውም እዚህ ላይ ዘመድ ነው። ሞተ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ቼክ ሜት ማለት ይኸው ነው አይደል?

መምህር ዘጉለሌ

የሴም ቋንቋ የሚናገር ሁሉ እንደዚያ ይሰማዋል፤ አረቦችም እንደዚያ ነው የሰሙት። ግን ማት የፋርስኛ ቃል ነው የሚሉት ይበልጥ አሳምነውኛል። በፋርስኛ ማት ማለት የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣ፣ መውጫ የሌለው ማለት ነው። ጨዋታውንም እየው። ሌላው ጠጠር ሁሉ ይበላል፣ ንጉሡ ግን በፍጹም አይበላም። መሄጃ ሲያጣ ጨዋታው ያልቃል። አልሞተም፤ ተከበበ።

አቡ ፈይሰል ዱባይ

እዚህ የሰፈር ልጆች ሲጫወቱ «ከሽ መሊክ» ነው የሚሉት። ሻህ ማትን ትተውታል። በዚህኛው አልከራከርም።

ቆርኪ

ስለ ሰንጠረዥ እያወራን የኛን ሰንጠረዥ ማንም አላነሣም። እኔ የዳማ ሰው ነኝ፣ በቆርኪ። አሜሪካኖች ቼከርስ የሚሉት እሱኑ ነው፣ ገበታው የሰንጠረዥ ገበታ ስለሆነ። እንግሊዞች በሌላ ስም ይጠሩታል። ግን የድሮ የመኳንንቱ ጨዋታ ሰንጠረዥ ነበር። የሚያውቅ ያውራ።

መምህር ዘጉለሌ

ይህስ የሚገባው ነው። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ትግራይ የሄደው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ማታ ማታ ከመኳንንታቸው ጋር ሰንጠረዥ ሲጫወቱ እንዳየ ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስት በኋላ የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስበው አሳትመውታል።

የኛው ሰንጠረዥ ከፈረንጁ የሚለየው አጀማመሩ ነው። ተራ መጠበቅ የለም! ሁለቱም በአንድ ላይ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው ተራ የሚጀመረው። በወረራው ጊዜ አንተም ትሄዳለህ፣ የባላጋራህንም አሰላለፍ እያየህ የራስህን ትቀይራለህ። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፈረስ አሉ። ፈርዝ የፋርሱ አማካሪ ነው፤ አውሮፓውያን በኋላ ንግሥት ያደረጉት።

ገበታው ጥቁርና ነጭ የተፈራረቀበት አልነበረም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር የተከፈለ ነው። የለንደኑ ኤክስቼከር ጨርቅም እንዲሁ ነበር፤ በመስመር የተከፈለ ጥቁር ጨርቅ። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታነጥፉ የቀለም ልዩነት ብቻ ነው የምታዩት።

ጠበቃዋ

ቆይ ቆይ። «የደረጃ ሰንጠረዥ» የምንለው፣ ሰኞ ጠዋት የፕሪሚየር ሊጉን የምናየው፣ እሱም ከዚሁ ነው? የጊዜ ሰንጠረዥ? የመማሪያ መጽሐፍ ላይ «ሰንጠረዥ 3»?

መምህር ዘጉለሌ

ከዚሁ ነው። ሳጥን ሳጥን ሆኖ የተከፈለ ነገር ሁሉ የገበታውን ስም ወሰደ። እንግሊዞች ገበታውን አይተው ግምጃ ቤት አሉ፤ ባለ ሳጥኑን ጨርቅም ቼክ አሉ፤ የተርጓሚው ሽርጥ እሱ ነው። እኛ ገበታውን አይተን የቁጥር መደርደሪያውን ሰንጠረዥ አልን። እንግሊዞቹ ጠጠር የደረደሩበትን፣ እኛ ቁጥር ጻፍንበት።

ጠበቃዋ

እኔ ከሕግ በኩል አንድ ልጨምር። አሜሪካኖች ስለ መንግሥታቸው ሲያወሩ «ቼክስ ኤንድ ባላንስስ» ይላሉ። ሦስቱ የመንግሥት አካላት አንዱ አንዱን ይቆጣጠራል ማለት ነው። ጄምስ ማዲሰን በ1788 ለሕገ መንግሥቱ ሲሟገት አንዱ መሥሪያ ቤት በሌላው ላይ ቼክ እንዲሆን አድርጎ መከፋፈል ነው ዓላማው ብሏል። በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ቁጥጥርና ሚዛን» ብለን እናልፈዋለን። ቁጥጥር ስንል ግን የበላይ ሆኖ መመርመር ይመስላል። እዚህ ያለው የሰንጠረዡ ቼክ ነው። ሌላውን አትበላውም፤ እርምጃውን ትገታዋለህ። ፕሬዚዳንቱ ሕግ አልፈርምም ሲል ምክር ቤቱን ቼክ አለው። ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያልፈው ከቼኩ ወጣ።

በኛ በኩል ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 693 አለላችሁ። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት። ሕጉ «ስንቅ» ሲል ሕዝቡ «ደረቅ ቼክ» ይላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያምር ወስኑ።

ባንከኛው

ደረቅ ቼክ! እሱን ለኔ ተዉት። ደንበኛው ሱፍ ለብሶ መጥቶ ፈርሞ ይሰጥሃል፣ ሂሳቡን ስታየው ባዶ ነው። ለዚህ ነው ጨረታ ላይ ሁሉም «ሲፒኦ አምጡ» የሚለው። ባንኩ ራሱ ገንዘቡን ይዞ ያረጋገጠው ነዋ።

ሃንጋር

የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነኝ። እኛ ጋ ቼክ የሌለበት ቀን የለም። ኤ ቼክ የሚባል ቀላል ምርመራ አለ፣ ሲ ቼክ የሚባል ከባድ ምርመራ አለ፣ አብራሪዎቹ ደግሞ ቼክሊስት። የአብራሪ ቼክሊስት የመጣው ከአደጋ በኋላ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 1935 እንደ ፈረንጆቹ፣ ኦሃዮ ውስጥ ራይት ፊልድ ላይ፣ ሞዴል 299 የተባለ አዲስ የቦይንግ ቦምብ ጣይ ለሙከራ ተነሣና ወደቀ። ሞተሩ ሰላም፣ ክንፉ ሰላም። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲቆም የመቆጣጠሪያ ክፍሎቹ በነፋስ እንዳይንገላቱ የሚያስረው ቁልፍ ሳይፈታ ነው የተነሡት። አብራሪው ልምድ ያለው ነበር። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰው ጭንቅላት በዛ ተብሎ ነገሩ በዝርዝር ተጻፈ። አውሮፕላኑም ቢ 17 ሆኖ በሺዎች ተሠራ።

ባይሆን ምልክቷን በአማርኛ ምን እንበላት? ቅጹ ላይ የምናደርጋትን።

ሊሴ ምሩቅ

ራይት ነዋ! ሌላ ምን አለ? ቲቸር ደብተራችን ላይ ራይት ወይ ኤክስ አይደል የሚያደርጉት። እንግሊዝ ለንደን «ራይት አድርግበት» ብትል አይገባቸውም። እነሱ ቲክ ነው የሚሉት፤ ቼክ የሚሉት አሜሪካኖች ናቸው።

ሳሮን ዲሲ

ቲክ ደግሞ እዚህ መዥገር ነው፣ ተጠንቀቁ።

አቡ ፈይሰል ዱባይ

የመጨረሻ ጥያቄ። ቼክ ሪፐብሊክስ? ሼክስ? ሁሉም ከሻህ ነው እንዳትሉኝ።

መምህር ዘጉለሌ

ሁለቱም አይደሉም። ቼኮች የራሳቸው የሕዝብ ስም ነው፣ ከስላቭ ቋንቋ። አማርኛችን በአንድ ፊደል ስለጻፈው ነው የሚመሳሰለው። ሼክ የአረብኛ «ሽማግሌ» ነው፤ ከሻህ ጋር ዝምድና የለውም። ድምፅ ብቻ አይታመንም፤ ሰክ ላይም ያልኩህ ይህንኑ ነበር።

አቡ ፈይሰል ዱባይ

ገና አልጨረስንም መምህር።

ተርጓሚው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስካሁን የምግብ ቤቱን «ሂሳብ» ብዬዋለሁ። ክፍሉን «መፈተሽ»። የቅጹን ምልክት «ራይት» ብዬ ልጽፍ ነበር፣ አለቃዬ «የማረጋገጫ ምልክት» ይሁን አለ። ኮት ቼክ «የካፖርት ማስቀመጫ»። ቼክ ኢን ላይ ግን ቆሜያለሁ። «የእንግዳ አቀባበል ምዝገባ» ብዬ ጻፍኩት። መስመሩ ላይ አልበቃ አለኝ።

ሳሮን ዲሲ

ቼክ ኢን ብለህ ተወው። ሠራተኞቹም እንግዶቹም እንደዚያ ነው የሚሉት።

ቆርኪ

ሽርጡስ?

ተርጓሚው

ቼክ።